ጓድ ቆቲዮ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሚመረጥበት ዋዜማ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ አንድ የቡና ነጋዴ በሬ አረደ። ቅርጫ ነው እንዳንል ገንዘብ አልጠየቀም፤ በየደጃችን ሥጋ አስላከ። ያደረሰው ሠራተኛ "ነገ የጌታዬን ሚስት ወንድም እንዳትረሱ" ይል ነበር። ወንድምየው ከተመረጠ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን በላን።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ምርጫውን የሚመራው ካድሬ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ወጣት ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። የወንድምየውን ስም ሰሌዳው ላይ ጽፎ "ሌላ ጥቆማ?" ሲል ጎረቤቴ ተነሣች። በርበሬ እየሸጠች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

"ቆቲዮ ሰነ ነን ፊለዸ። ቆቲዮን ነው የምመርጠው" አለች።

ቆቲዮ በሬ ማለት ነው። ካድሬው የሰው ስም መሰለውና "ጓድ ቆቲዮ" ብሎ ጻፈ። ያኔ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰር ነበር።

"ጓዲት፣ የጓድ ቆቲዮ አስተዋጽኦ ይብራራ።"

"ሥጋውን ለሕዝብ ሰጥቷል። ትናንት የማንንም ቤት አልዘለለም። ለራሱ ያስቀረውም የለም።"

ማንም አልሳቀም። እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ጉራጌው ባለሱቅ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እጅ ይውጣ ሲባል አዳራሹ በሙሉ ለበሬው እጁን አወጣ፤ እኔም አወጣሁ። አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ካድሬው አጨብጭቦ "ጓድ ቆቲዮ ወደ መድረክ ይምጡ" አለ።

"መምጣት አይችሉም" አሉ የጎጃሙ ቄስ በትሕትና፤ "በልተናቸዋል።"

ያኔ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ዞሮ ሰሌዳውን አየ፤ ጽሕፈቱ የራሱ ነው። በእጅጌው ጠራርጎ ምርጫው መራዘሙን ተናገረ። ወንድምየውም ዳግመኛ አልተጠቆመም።

ጎረቤቴን ቤቷ አደረስኳት። ቁልፉ አልገባ ስላላት እኔ ከፈትኩላት።

"ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ምን ነካሽ?"

"ትንሿ ልጄ ሥጋውን እየበላች 'ለምን ሰጡን?' አለችኝ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛ ነበር፤ አብዮት ጠባቂዎቹ ከመጡ በባዶ እግሬ አልወሰድም ብላ። አልመጡም።