የመጀመሪያዋ ሙሽራ ዋጋ

የልጅ ልጄ ሰናይት ሙሽራ ማስዋብ የጀመረች ሰሞን ነው። የመጀመሪያዋ ሙሽራ እዚሁ ብስራተ ገብርኤል የጎረቤታችን የአስካለ ልጅ ነበረች። «ዋጋሽን ሳታፍሪ ተናገሪ፤ ሰፈሩ መጀመሪያ የሰማውን ዋጋ አይረሳም» ብዬ መከርኳትና አብሬያት ሄድኩ።

ሰናይት አንገቷን ደፍታ «መቶ ሃምሳ» አለች። አስካለ ሳቀች።

«መቶ ሃምሳ ብር? ለኩልና ለቀለም? ልጄ እኮ ሲፈጥራት ቆንጆ ናት፤ ሃምሳ ይበቃሻል።»

ደሜ ፈላ። «ቆንጆ ከሆነች ታዲያ ለምን አስጠራሽን? ይቺ ልጅ ስድስት ወር ፀጉር ቤት ቆማ የተማረችው በምርቃት ልትከፈል ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ጎረቤት አይደለን እንዴ?»

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ ለጎረቤት ሲሆን እጅ አይደክምም? ሰናይትማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እሺ፣ ሃምሳውም ይሁን» ልትል አፏን ስትከፍት፣ የሙሽራው ሚዜ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«እማማ፣ የማስዋቢያውን የምንከፍለው እኛ ነን፤ ስንት ነው?»

አስካለ ለእኛ መተንፈሻም አልሰጠችን።

«ሦስት መቶ ነው ልጄ» አለችው፣ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ፤ «እሱንም ከአራት መቶ በስንት ልመና ያስወረድኩት እኔ ነኝ።»