የስብሐት ስንቅ

ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ወንዙን ተከትሎ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ የሚጠማዘዝ አንድ የጠጠር መንገድ አለ። ጣልያን ድንጋይ ሊያመላልስበት የቀየሰው ነው። ድልድዩን የክረምት ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ መኪና ረግጦት አያውቅም። ባለሥልጣን አንድ ጊዜ መጥቶ ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ፤ መለካት ላብ አያወጣም። ስለዚህ መንገዱ ለጅብ፣ ለእንጨት ለቃሚ ሴቶችና ለበዳሳ ብስክሌት ቀረ።

በዳሳ ገበያው ጥግ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጎማ ሲለጥፍ፣ የሰው ፍሬን ሲያጠብቅ ይሰነብትና እሁድ ከቅዳሴ መልስ የራሱን አሮጌ ብስክሌት ይዞ ወደ ጫካው ይነጉዳል። ሽቅቡን እንደ ወናፍ እየተነፈሰ ይወጣዋል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥቂት ይቆማል፤ ወንዙ ከታች ድንጋይ ለድንጋይ ያጉረመርማል፣ የረገፈው ቅጠል ጠዋት በጣለው ጤዛ ይሸታል። ከዚያ ይለቀዋል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደሚቆላ ሽንብራ ይንጣጣል፣ ዛፉ በግራ በቀኝ ይሸሻል፣ ዓይኑ እንባ ይሞላል፤ ያን ጊዜ እንባው የንፋስ ነበር።

«የአርባ ዓመት ሰው በጫካ የሚሽከረከረው ምን ጠፍቶት ነው?» ትለዋለች ሚስቱ ብርነሽ።

«ከኋላዬ የሚጮኽብኝ መኪና የለማ!» ይላታል።

መጮኹንማ እሱ ራሱ ይችልበታል፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። አባላቱ ከቀጨኔ ገደል እስከ ዊንጌት ማዶ ተበትነው ስለሚኖሩ፣ ብስክሌት ካለው ሰው የተሻለ ለፋፊ አልተገኘም። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በየኮረብታው ይነፋል፤ አገር ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

የዳቦ ጋጋሪዋ የእትዬ የዓለምወርቅ አንድያ ልጅ፣ ስብሐት፣ ብስክሌት የተማረው በዚያ የጠጠር መንገድ ላይ ከበዳሳ ነው።

«ጋሼ በዳሳ፣ ፍሬኑን ልልቀቀው?»

«ልቀቀው! ማን ሊገጭህ ነው? ጅብ እንደሆነ መንጃ ፈቃድ የለው።»

ልጁ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ጉልበቱን ላጠ፣ ሦስተኛውን እየሳቀ ወንዙ ድረስ ወረደው። እናቱ የተቀደደውን ሱሪ ስታይ በዳሳን ሰድባ፣ ትኩስ ዳቦ ሰጥታ ሸኘችው።

ከዚያ 1970 ዓ.ም. መጣ። ልጁ እንደ ዘመኑ ልጆች ወረቀት ማንበብ፣ ወረቀት መበተን ጀመረ። የሚበትነውም የሚያስረውም የሚገድለውም አንድ ቋንቋ ነበራቸው፤ ሁሉም ለሰፊው ሕዝብ ነው የሚሞቱትና የሚገድሉት። ሰፊው ሕዝብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ለስኳር ተሰልፎ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ይገዙ የጠጅ ቤት አሳላፊ ነበር፤ ሁለት ፓምፍሌት አንብቦ ሦስተኛውን ሳይጨርስ ሽጉጥ ታጠቀ። ሦስተኛው ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አያውቅም።

በጥር አንድ ማለዳ በዳሳ ወደ ሥራው ሲወርድ፣ ጠጠሩ ከአስፋልቱ በሚገጥምበት ቦታ አራት ልጆች ተጋድመው አየ። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሦስተኛው ስብሐት ነበር። በዳሳ ከብስክሌቱ ወረደ፤ መልሶ ወጣ፤ ቆሞ ማየትም ያስጠይቃል። ፀሐይ ሳትሞቅ ካሚዮን መጥቶ ጫናቸው። የት እንደ ወሰዳቸው የጠየቀ የለም።

በዳሳ በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ መዝገቡ ሄደ። ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ይገዙ ተከትሎት ገባ።

«ጓድ በዳሳ፣ ያቺን ቆርቆሮህን ዛሬ እንዳልሰማት።»

«የስብሐትን ቀብር ላልለፍፍ?»

«የምን ቀብር? እርምጃ ነው የተወሰደው። ለፀረ ሕዝብ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ አይለቀስም። መመሪያ ነው።»

«እናትየዋስ?»

«ንቃቷ ሲዳብር ይገባታል።»

አቶ መዝገቡ፣ ያን ሁሉ ቀብር የመሩ ሰው፣ የጋቢያቸውን ጥለት ይመረምሩ ጀመር።

በአገሩ ወግ እናት የልጇን ሞት ከመንገደኛ አፍ አትሰማም። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሎች በጎሕ ይመጣሉ፣ ጎረቤት ከኋላ ይቆማል፣ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮኽ አብሯት የሚጮኽ ይዘጋጃል። ጩኸት ሲከለከል መርዶውም አብሮ ተከለከለ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ እያንዳንዱ ሌላው እስኪነግራት ይጠብቃል። ያ ጀግና መንደር እናትየዋን ባገኛት ቁጥር ዳቦዋ ዛሬ እንዴት እንዳማረ ያወራላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የዓለምወርቅ በዳሳን ደጇ ላይ አስቆመችው።

«አንተ በዳሳ፣ በዚያ በጫካ ስትዞር ልጄን አላየኸውም? ልጆቹ አምልጠዋል ይላሉ።»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ብቻውን ነበር፤ ብትወድቅ የሚይዛት የለም፣ ብትጮኽ የሚመጣው ይገዙ ነው።

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ» አላት። «በጠጠሩ መንገድ ሽቅብ ሲወጣ። ወደ ሱሉልታ ነው መሰለኝ።»

«ርቦታል?»

«እ... ማለቴ፣ ትንሽ ከስቷል።»

ይቺ «ትንሽ ከስቷል» ናት ጉድ ያፈላችው። በማግስቱ እሁድ የዓለምወርቅ አንድ ሙሉ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ በር ላይ ጠበቀችው። «ስታገኘው ስጠው። ካላገኘኸውም ወደዚያ ለሚሄድ ሰው አደራ በልልኝ። እናትህ ደህና ናት በለው፣ በቃ።»

በዳሳ ዳቦውን ብስክሌቱ ኋላ አስሮ ጫፉ ድረስ ወጣ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሊበላው ሞከረ፤ አንዲት ጉርሻ ቆርሶ መልሶ ጨርቁ ላይ አኖራት። በዚያው እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች ወገባቸው ታጥፎ ከጫካው ብቅ ሲሉ ቆርሶ አደላቸው።

«ከየት ያመጣኸው ነው?» አለችው ትልቋ፣ ሾዴ የምትባለው።

«አንዲት እናት ለልጇ የላከችው ነው። ልጁ... የለም።»

«ዕድሜ ይስጥህ!» አሉት በአንድ አፍ።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። በየእሁዱ ዳቦ ይወጣል፣ በየእሁዱ ወሬ ይወርዳል። «ጣፈጠኝ ብሏል»፣ «ጺም አብቅሏል»፣ «አንድ ገበሬ ዘንድ ተጠግቷል»። ውሸት እንደ ዘመኑ ሪፖርት ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ምርቱ በየዓመቱ ያድጋል። በዳሳም ቁልቁለቱን ፍሬን ይዞ፣ ተጎንብሶ፣ እንደ ገንዘብ ያዥ በጥንቃቄ የሚወርድ ሰው ሆነ። መንገዱ ያው ነው፤ ዛፉም ወንዙም ያው። ደስታው ብቻ የሆነ ኩርባ ላይ ወርዶ ቀረ።

በ1977 መስከረም አብዮቱ አሥር ዓመት ሞላውና ከተማው ቀይ ጨርቅ ተጠመጠመበት። በዓሉ አልፎ ጨርቁ መንጣት ሲጀምር፣ ብርነሽ አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች ተናገረች።

«አርባው አለፈ። ሰማንያው አለፈ። ሙት ዓመቱም አለፈ። ፍትሐት የለ፣ ጸሎት የለ። የሰባት ዓመቱ ተዝካር በጥር ነው። እሱንም ልታሳልፍባት ነው?»

«አሁን ብነግራት ትሞትብኛለች።»

«አንተ የፈራኸው እሷ እንዳትሞት አይደለም። ዳቦዬን ምን አደረግኸው እንዳትልህ ነው።»

በዳሳ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ነፍስ የለችም የሚለው ፓምፍሌት በዚያ ዓመት በየሱቁ ቅመም ይጠቀለልበት ነበር። የዓለምወርቅ ደግሞ ነፍስ እንዳለች፣ ያለ ፍትሐትና ያለ ተዝካር የሄደችም እንደምትንከራተት ታውቃለች። በዳሳም ያውቃል። ለዚህ ነው እንቅልፍ የራቀው።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ በዳሳ፣ አቶ መዝገቡና አንድ ሌላ ሽማግሌ ደጇ ላይ ቆሙ። ይገዙ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛውሮ ነበርና የሚጠይቅ አልነበረም። ድፍረት ሰባት ዓመት ዘግይቶ ሲመጣ እንዲህ በከዘራ ተደግፎ ነው።

በሩን ከፍታ ሦስት ወንድ በዚያ ሰዓት ስታይ፣ አቶ መዝገቡ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ገባት።

«ደረሱበት? ዳቦዬን ተከትለው ነው አይደል? እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ነው ያስያዝኩት!» ደረቷን ትመታ ጀመር።

ለዚህ የተዘጋጀ ሽማግሌ አልነበረም። በዳሳ ተንበረከከ።

«የለም እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም። ስብሐት የሞተው ያኔ ነው። በሰባ፣ በጥር። አየሁት ባልኩዎት ቀን ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።»

እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

«ዳቦዬንስ ማን በላው?»

«እንጨት ለቃሚዎቹ።»

«ድሆች ናቸው?»

«ድሆች ናቸው።»

«ሲበሉ ነፍስ ይማር ብለዋል?»

ለሙት ታስቦ ድሃ የሚቀምሰው እህል ለነፍሱ ስንቅ የሚሆነው በዚያች ቃል ነው። ሦስት መቶ ስድሳ የሚያህል እሁድ አልፏል። በዳሳ «አዎ» ቢላት የሚያጣራ አልነበረም፤ ምላሱም ለምዷል። ግን ዓይኗን አየ።

«ስሙን አልነገርኳቸውም፣ እትዬ። የሚመርቁት እኔን ነበር። ዕድሜ ይስጥህ ይላሉ።»

«ዕድሜውንማ ሰጠህ» አለች።

ከዚያ ጮኸች። ጎረቤቱ ከኋላ ግር ብሎ መጥቶ አብሯት ጮኸ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስለ ዳቦ ሲያወራ የከረመው መንደር ደረቱን ሲመታ ላየው፣ ሬሳው ገና ትናንት የወደቀ ይመስል ነበር።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ እሁድ፣ የዓለምወርቅ ጥቁሯን ለብሳ አራት ዳቦ ይዛ ወጣች። በዳሳ ብስክሌቱ ላይ እንዲጭነው ፈቀደችለት፤ ከዚያ ውጭ አላናገረችውም። እሱ እየገፋ፣ እሷ ከኋላ በእግሯ፣ ጠጠሩን ወጡት። ሁለት ጊዜ አረፈች። እጁን ቢሰጣት ዛፍ ያዘች።

ጫፉ ላይ ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው ተቀምጠው ነበር። ጨርቁን ፈታች፤ እየቆረሰች በእያንዳንዷ መዳፍ ላይ አኖረች።

«ስብሐት ይባላል። ልጄ ነው። ነፍስ ይማር በሉልኝ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ አንዷ ከሌላዋ ዘግይታ።

ሾዴ ቀምሳ ቀና አለች። «ይሄ የእሁዱ ዳቦ ነው። መቼ ሞተ ልጁ?»

«በጥር ሰባት ዓመቱ።»

ሾዴ በዳሳን አየችው፤ ከዚያ ዳቦዋን ወደ ጉያዋ ከተተች።

በዳሳ ከሴቶቹ መጨረሻ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጨርቁ ውስጥ ገና አንድ ቁራሽ ነበር። የዓለምወርቅ ቁራሹን አየች፣ እጁን አየች፤ ጨርቁን ቋጠረችና ቁልቁል መንገድ ጀመረች።

«ነፍስ ይማር» አለ በዳሳ በባዶ እጁ።

ዞራ አላየችውም። በጠጠሩ ላይ እግሯን እየመረጠች፣ ቀስ እያለች ወረደች።