ገመቹን የበላው ጉድጓድ ዛሬ ከሰዓት ተከደነ

«ገሜ ሞተ» ብለው ሲደውሉልኝ «የቱ ገሜ?» ነው ያልኩት። ሰበታ ውስጥ ስንት ገመቹ አለ። የኛው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ትናንት በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ነው የሄደው።

የኛው ነው።

ለማታውቁት፣ ገመቹ ዓይነ ስውር ነበር። የተጂ ልጅ ነው። ለትምህርት ሰበታ መጥቶ በዚያው ቀረ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆነ። እኔ ያወቅኩት ግን ገና አስራ አንደኛ ክፍል እያለ ነው። አሁን የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥበት ሱቅ ያኔ የወንድሜ ጌም ቤት ነበር፣ ጠባቂዋ እኔ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በትሩን አጣጥፎ ገባና «የመኪና ጌም አላችሁ?» አለኝ።

«አለ፣ ግን...» አልኩት።

«ግን ምን? ዓይኔ ነው እንጂ እጄ ደህና ነው» አለ።

የነበረን ጌም የጭቃና የኮረብታ እሽቅድምድም ነው። አስፋልት የሚባል የለውም። ጂፕ ይዘህ ከድንጋይ ድንጋይ ትዘላለህ፣ ወንዝ ታቋርጣለህ፣ ብትገለበጥም ጌሙ ራሱ አንስቶ መንገድ ላይ ያቆምሃል። ጆይስቲኩን አስያዝኩት። የመጀመሪያውን ቀን ከዛፍ ጋር ሲጋጭ ዋለ። በሳምንቱ ተመለሰ። ወር ሳይሞላው መንገዶቹን በቃሉ ያዛቸው። ጎማው ሳር ላይ ሲወጣ ጆይስቲኩ ሌላ ዓይነት ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፤ እኛ ዓይናችን እያየ የማንሰማውን እሱ ሁሉንም ይሰማዋል። የሚናደደው ልጆቹ ሲጮሁ ብቻ ነበር።

«ዝም በሉ እስቲ፣ መንገዱን ልስማበት» ይላል።

አንዴ ቢኒ የሚባል ከቡራዩ የመጣ ጎበዝ ተጫዋች ገጠመው። በመጀመሪያው ዙር ቤቱ በጩኸት ስለተሞላ ገሜ ገደል ገባ። ለሁለተኛው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምሬ ሁሉንም ዝም አሰኘኋቸው። አሸነፈው። ቢኒ ብድግ ብሎ «ይሄ ልጅ ያያል፣ ተጫወታችሁብኝ» አለና ጣቶቹን ገሜ ፊት ላይ ያወዛውዝ ጀመር። ቀፈፈኝ። ላስወጣው ስነሳ ገሜ ቀደመኝ።

«ጣትህን አላየሁትም» አለው ረጋ ብሎ። «ሽንኩርቱ ግን ሸቶኛል። ምሳ ስትበላ ታጠብ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቢኒም አፍሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከቡራዩ እየተመላለሰ ከሱ ጋር ሲጫወት ነው የከረመው። ዛሬ ደውዬ ስነግረው ስልኩን ሳይዘጋ አለቀሰ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ጨዋ ሆኜ መጻፍ አልቻልኩም፣ ቅር የሚለው ይለፈው።

ከሱቃችን ፊት ለፊት የፍሳሽ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የቆፈሩት ሰዎች ሳይከድኑት ሄዱ። ክረምት ገባ። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም ዘለን እናልፈዋለን። አንድ ቀን ጣውላ ጣል አደረግኩበት፤ በማግስቱ ሰው ወስዶታል። ሌላ አላስቀመጥኩም። ይሄን ደብቄ ሌላውን ብወቅስ ውሸታም ነኝ።

ገሜ ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አመልክቷል። የተባለውን መጥቶ ሱቄ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ያነጋገረው ኃላፊ «አንተ ደግሞ ለምን ብቻህን ትወጣለህ? ሰው ይዘህ አትሄድም?» አለው።

«አንተስ ምን አልከው?»

«እርስዎ ቢሮ የሚገቡት ማን እየመራዎት ነው? አልኩት።»

እየሳቀ ነበር። እኔን አላሳቀኝም።

ዛሬ ጠዋት፣ እኔ ሱቄን ሳልከፍት፣ ወደ ሥራ ሲሄድ የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ነበር። በትሩ የነካው ውሃ ነው። ሁሉም ቦታ ውሃ ነው። ገባበት። ጭንቅላቱን የጉድጓዱ ጠርዝ መታው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ሁለት ሰው ሊያወጣው ሲታገል ሌላው ቆሞ ስልኩን ደግኗል። ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ እየዞረ ነው። አንዱ ጭራሽ ሙዚቃ ለጥፎበታል። ገሜ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ሸሚዙ ተገልቧል። ሰው እንዴት ይሄን ጓደኛው ጋ ይልካል? የላካችሁልኝ ሁሉ አጥፉት፣ እናት አለው።

ይባስ ብሎ ከሰዓት አራት ሰዎች የሲሚንቶ ክዳን ተሸክመው መጡ። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀባቸውም። ስንት ጊዜ የለመንነው ነገር። ሲጨርሱ እጃቸውን ከኔው በር ታጠቡ፣ አለቃቸውም «ነፍስ ይማር» አለኝ። ፊቴን አዞርኩ። ምሳዬ እስካሁን እንደቀረበ ነው።

እናንተ ደግሞ ፎቶውን ለጥፋችሁ ሻማ ደርድራችኋል። ግማሾቻችሁን በስም አውቃችኋለሁ፣ በዚያ መንገድ ነው ሥራ የምትገቡት።

ቅድም ኦቦ ቱሉ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ መጥተው «ለእናቱ አዳልጦት ነው እንበላቸው፣ ሐዘኑ ይበቃቸዋል» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፣ አውቃለሁ።

«ኦቦ ቱሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እርስዎ ይበሏቸው። እኔን ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም።»

ቀና ብለው አዩኝና ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ።

ገሜ፣

እናትህ ከተጂ ተነስተዋል፣ አሁን ይደርሳሉ። እጃቸውን ይዤ ቦታው ድረስ እወስዳቸዋለሁ። የሆነውን እንዳለ ነው የምነግራቸው፣ የኔንም ድርሻ ጭምር።

በሰላም እረፍ ልልህ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። በቁምህ ሰላም የነሳንህ እኛው ነን።

እኛ ያላቀለልንልህን አፈሩ ያቅልልልህ። በቋንቋህ ልሰናበትህ፤ ነጋቲ፣ ገሜ።