በሰሚራ ፊት ላይ የታዩት መስመሮች

የጄኔሬተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መናኸሪያ አካባቢ የነበረው ኢንተርኔት ቤት ይታወሰኛል፤ ክረምት ሲገባ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ እዚያ ቤት የገባ ሁሉ ጄኔሬተሩን ለመብለጥ እየጮኸ ነበር የሚያወራው።

ታላቅ እኅቴ ሰሚራ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አሠሪዋ ስትፈቅድላት ቀን ቀጥራ፣ እዚያ ኢንተርኔት ቤት በኮምፒውተር እየደወለች፣ እያየናት ታወራን ነበር። አንድ ክረምት ግን እናቴን ወባ ጥሏት ስለነበር፣ ከአጎቴ ጋር ብቻ ሄጄ፣ ሰሚራ እስክትስቅ ጠብቄ፣ ለእናቴ ላሳያት ብዬ በአጎቴ ሞባይል ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አነሳኋት።

እናቴ ፎቶውን እንዳየች ጮኸች። በሰሚራ ግንባርና ጉንጭ ላይ፣ ስናወራት ፈጽሞ ያላየነው፣ የተጠማዘዘ ወይን ጠጅና አረንጓዴ መስመር ተጋድሞ ነበር።

«ልጄን አቃጥለዋታል!»

ስትስቅ ነበር ብንላትም አላመነችንም፤ ከዐረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ ልጆችን ወሬ ሰምታ ስለነበር፣ የደበቅናት መስሏት እህል በግድ ነበር የምትቀምሰው። ቆይቼ እኔም በዓይኔ ያየሁትን መጠራጠር ጀመርኩ።

መስከረም ጠብቶ መቆም ስትችል፣ እኔንና አጎቴን ተደግፋ ኢንተርኔት ቤት ሄደች። የቤቱ ባለቤት ትዕግሥት ፎቶውን አየችና፣ «እናቴ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ» ብላ የኮምፒውተሩን ካሜራ ከፍታ፣ የእናቴን ፊት ስክሪኑ ላይ አወጣችው፤ ከዚያ በአጎቴ ሞባይል ስክሪኑን አንስታ አሳየቻት። ያው መስመር በእናቴም ጉንጭ ላይ ተጋድሞ ነበር። እናቴ ጉንጯን ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣

«እኔንስ ማን አቃጠለኝ?» አለች።

ትዕግሥት ሳቀች። «ስክሪኑ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ የሞባይሉም ካሜራ እንደዚያው። ሁለት አጎበር ሲደራረብ ሞገድ ሞገድ የሚል ነገር ይታይ የለ? ይኼም እንደዚያ ነው፤ ፊት ላይ ያለ አይደለም።»

ትንሽ ቆይቶ በቀጠሮዋ ሰሚራ ደወለች። እናቴ ሰላምታም ሳትሰጣት፣ «ሻሽሽን ከፍ አድርጊ፣ ግንባርሽን አሳዪኝ» አለቻት።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«አሳዪኝ ብያለሁ!»

ግንባሯ ንጹሕ ነበር። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች፤ ስንመለስ ሐይቁ ዳር ባለው ዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል በኩል አልፈን የዓሣ ሾርባ ስናዝዝላት፣ ጨርሳ ጠጥታ ደገመች።

ሰሚራ ዛሬ አገሯ ተመልሳ፣ እዚሁ አቅራቢያችን ቱላ ሱቅ ከፍታ ትኖራለች። ያኔ ፊቷን ለአፍታ ለማየት ሳምንታት እንጠብቅ ነበር፤ አሁን በቪዲዮ ስትደውልልኝ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ» ብዬ እዘጋባታለሁ። ደህና መሆኗን ስለማውቅ ይመስለኛል መዝጋቱ የሚቀለኝ።