አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ

ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሐዋሳ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የግድያ መዝገብ እጄ ገባ። ዛሬ ሥራውን ትቼ የማስረጃ ሕግ አስተምራለሁ። ስለዚያ መዝገብ ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ልጅቷ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበረች። ታቦር ሰፈር ካለው ቤታቸው ትወርድና አስፋልቱ ዳር ትቆማለች፤ በኮንትራት የተያዘላት ባጃጅ ከዚያ ይወስዳታል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ይመልሳታል። አንድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። ትምህርት ቤት አልደረሰችም። በሦስተኛው ቀን ከሰፈሩ ጀርባ ባለ ጅምር ቤት ውስጥ፣ ግንበኞች ሬሳዋን አገኙት።

ፖሊስ የባጃጁን ሹፌር ያዘ። ከሃያ ብዙም ያልዘለለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ የዚያን ቀን ባጃጁ ተበላሽቶበት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ጋራዥ ውሏል፤ መምጣት እንደማይችል ለመንገር ረፋዱ ላይ ለልጅቷ እናት ደውሏል፤ እናትየው አላነሱም። የጋራዡ ባለቤት «መጥቶ ነበር፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። እናትየው ሚስኮል ማየታቸውን እንጂ ሰዓቱን እንደማያስታውሱ ተናገሩ።

በኤግዚቢት የተያዘው የደብተር ቦርሳዋና አንድ እግር ጫማዋ ነው። ከነዚህ ሌላ የሹፌሩ የዚያን ቀን የስልክ ጥሪ ዝርዝር ከቴሌ መጣልን። ለእናትየው የደወለበት መስመር ላይ 11:20 ይላል። መርማሪው በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ነበር። ትርጉሙ ግልጽ መሰለን፤ ልጅቷን ከገደለ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት መውጫዋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ «መምጣት አልቻልኩም» ብሎ ለማስመሰል ደውሏል። ረፋድ ያለው ውሸት ነው።

ፍርድ ቤት ቆሜ ዋስትና እንዳይፈቀድለት የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ እጁን አውጥቶ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠዋት ነው የደወልኩት። በእናቴ ሞት!»

«ማስረጃው አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ይላል» አልኩ፤ ወረቀቱንም ከፍ አድርጌ ለዳኛው አሳየሁ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የልጅቷ አባት ከኋላ ተቀምጠው በጨርቅ ፊታቸውን ያብሱ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ምስክር ለማሰማት ስዘጋጅ ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁት። ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ከመርማሪው ደብዳቤ ጀርባ ተሰፍቶ ስለነበር ገልጦ ያየው ሰው አልነበረም። እዚያ ላይ 17:45 የሚል ጥሪ አለ። ከሥሩ 19:02። በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሰባት ሰዓት የለም። ቴሌ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 11:20 ማለት ረፋድ አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። ልጁ የደወለው እንዳለው ጠዋት ነበር፤ ያኔ ልጅቷ ገና ቤቷ ውስጥ ነበረች። የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስድስት ሰዓት መቀነስ እኔ፣ መርማሪውና ሁለት ኃላፊዎች አልቀነስንም።

ክሱ ተነሣ። ልጁን ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርኩ። «በወቅቱ ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝና ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሄደ። ባጃጁ ቆሞ ሲበላሽ ተሽጧል፤ እሱም ወደ ገጠር ተመለሰ አሉ።

ሌላ ተጠርጣሪ ፍለጋ ስንነሣ የምንይዘው ነገር አልነበረም። አስፋልቱ ዳር ያለው የቀለም መሸጫ ካሜራ ነበረው፤ ምስሉ በየወሩ በራሱ ይጠፋል። ቦርሳው የተቀመጠበት ክፍል ጣሪያው አፍስሶ ሻግቷል። ጅምሩ ቤት አልቆ ሰው ገብቶበታል።

አባትየው እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ጫማ ይነግዳሉ። ሱቃቸው ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ስጨርስ በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንተ እንደምትለው ከሆነ፣ ሹፌሩ አልመጣም ሊለን ደውሎ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ስላላነሳች ልጄ መንገድ ላይ ብቻዋን ቆመች ማለት ነው። አይደለም?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም፣ አባባ።»

«ሌላ ምን ማለት ነው? እኔ ገዳዩ እሱ ነው ብዬ ልሙት። ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየው ለብቻቸው ቢሮዬ መጡ። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ባለቤቴ እዚህ መምጣቴን አያውቅም» አሉ። «ሰዓቱ ጠዋት ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። ስገባ ሚስኮሉን አየሁት። ቶሎ ውጡ የሚለኝ መስሎኝ ልጄን አጣደፍኳት። ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳላስርላት። መልሼ እንዳልደውል ካርድ አልነበረኝም።»

«ታዲያ ለፖሊስ አላስታውስም ያሉት ለምንድን ነው?»

«አባቷ አጠገቤ ቆሞ ነበር» አሉ። «ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ ታሰረ፤ ቀኑ በሄደ ቁጥር ለመናገር እየከበደኝ መጣ።»

አንድ ንጹሕ ሰው ስምንት ወር የታሰረው በእኔ ስህተትና በእሳቸው ዝምታ ነበር። ልቆጣቸው ፈለግኩ፤ የምቆጣበት አፍ ግን አልነበረኝም። እሳቸው የፈሩት ባላቸውን ነው። እኔ ማንንም ሳልፈራ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ እያለ ነው ያሳሰርኩት።

«ይሄን ትጽፈዋለህ?» አሉኝ።

ቃላቸውን ጽፌ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ እንዳለብኝ ሕጉ ያዛል። አልጻፍኩም። «ይሂዱ» አልኳቸው። ይህን ያደረግኩት ለእሳቸው አዝኜ ይሁን የራሴን ጥፋት ዳግመኛ ማንበብ ጠልቼ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በዓመቱ ፈጻሚው ባለመታወቁ መዝገቡ እንዲዘጋ በፊርማዬ ወሰንኩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሥራውን ለቀቅኩ። የገደላት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከእሱ ጋር አንድ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ቦታ ጠበበህ ወይ ተባብለን ይሆናል።