የኦዴል ቀለበት አይወልቅም

ሎርና ቪከርስ የምትሰበስበው የቤዝቦል ሻምፒዮኖችን ቀለበት ነው። የተጫዋቾቹን አይደለም፤ እነሱንማ ማን የማያውቃቸው አለ! ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ቀለበት ሲያሠራ ለማሊያ አጣቢውም፣ ለትኬት ቆራጩም ይደርሳል፤ የእሷ ዓይን የሚያርፈው እነሱ ጣት ላይ ነው። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር በሀብት አትታማም፤ በቀለበት ግን ሴንት ሉዊስ ውስጥ የሚስተካከላት የለም።

የቀራት የጎረቤቷ የኦዴል ጄንትሪ ቀለበት ብቻ ነበር። ኦዴል ዕድሜውን ሙሉ የስታዲየሙን ሣር ሲያጭድና ሲያጠጣ የኖረ ሰው ነው። ስትለምነው ዓመታት አልፈው፣ ሴት ልጁ ጋ አሪዞና ሊኖር ሲነሣ እሺ አላት። ሎርና ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ኬክ ጋግራ ወሰደችለት። ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን ቡድናቸው ማሸነፍ ጀመረና አላቆም አለ። ማሸነፍ ሲጀመር ደግሞ ዕድሉ እንዳይሸሽ ምንም ነገር አይነካም፤ ካልሲ አይታጠብም፣ ጢም አይላጭም፣ ጣት ላይ ያለ ቀለበትም አይወልቅም። ሎርና ራሷ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ እየዋለች ምን ብላ ትከራከረው? በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኗ እንዲሸነፍ ተመኘች፤ ወዲያው አፈረችና ራሷን ተቆጣች።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። ልትወስደው የመጣችው ልጁ ዕቃውን መኪና ላይ ስትጭን ሎርናና ኦዴል በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጨዋታውን በሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከዘጠኙ ዙር ሰባተኛው ላይ ናቸው፤ ቡድናቸው ይመራል። ኦዴል ቃሉን ላለማጠፍ ብሎ ያበጠ ጣቱን በሳሙና አሸው፤ እያቃሰተ ቀለበቱን አወለቀና መዳፏ ላይ አኖረላት። ገና ሳትጨብጠው የተጋጣሚው መቺ ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ላካት። አቻ ሆኑ።

ሁለቱ ተያዩ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ኦዴል፣ ወደ ሰማይ እያየ።

«እጅህን አምጣ፣ አንተ ሽማግሌ።»

«አሁን ከገባ ዳግመኛ የሚወጣ አይመስለኝም፣ ሎርና።»

«አምጣ አልኩህ እኮ።»

ገፍታ ገፍታ አስገባችለት። በዘጠነኛው ዙር ቡድናቸው አሸነፈ፤ ልጁ አበዱ እንዴ ብላ እስክትመጣ ድረስ ተቃቅፈው ዘለሉ። ሎርና መኪናው እስኪሰወር እጇን ስታውለበልብ ቆየች። ቀለበቱ ቢያንገበግባትም እንደዚያ የተደሰተችበትን ቀን አታስታውስም።

በሳምንቱ ቡድኑ ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ኦዴል ደወለ።

«አለቀልን፣ ሎርና። እዚህ አንድ ወርቅ ሠሪ አለ፤ በመጋዝ ቆርጦ ያወጣዋል። አስወልቄ ልላክልሽ?»

ሎርና ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን የጨዋታ መርሐ ግብር አየች።

«ነገ ጨዋታ አለ አይደል?»

«አለ።»

«እንግዲያው ጣትህን እንዳትነካ።»