ለሽምግልና ያደረግሁት ጫማ

ሰቆጣ ውስጥ ልብስና ጫማ ነጋዴ ነኝ። አባቴም ነጋዴ ነበር። እሱ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዘመን አምጥቶልኝ ምልክት እሸጣለሁ። ቀልዴን አይደለም። ወደ ሱቄ ከሚገባው ሰው ብዙው የሚገዛው ልብሱን ሳይሆን ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። ከአበርገሌ የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለኝ። አገሩ እሳት ነው፤ እሱ ግን በየዓመቱ ወፍራም ጃኬት ይገዛል። «በዚያ ሙቀት ምን ያደርግልሃል?» ብለው፣ «ገበያ ስወጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ ጽሑፉ ብቻ ወደ ውጭ ይሁን» አለኝ። ጽሑፉ ምን እንደሚል እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። አንድ ዲያቆን ደግሞ ከልባሽ ጨርቅ ቦንዳ የወጣ ሹራብ ከእኔ ገዝቶ፣ ጀርባው ላይ የሩቅ አገር የሴቶች ኳስ ቡድን ስም ይዞ ክረምቱን ሙሉ ሲዞር ከረመ። በመጨረሻ እንግሊዝኛ የምታነብ እህቱ ነገረችው። ከተነገረው በኋላም አልጣለውም፤ እውነት ለመናገር ሹራቡ ጥሩ ነበር።

ሦስት መስመር ያለበትን ጫማ ፈልገው ለሚመጡ ወጣቶች አንዳንዴ የሚኖረኝ አራት መስመር ያለበት ብቻ ነው። «አራተኛው ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ምራቂ ነው» እላለሁ። ይስቃሉ፣ ይገዛሉም። ከጠበባቸው ደግሞ ጫማ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለችኝ፤ «ይለቅቃል።» በዚህች ቃል ስንቱን ጫማ እንደሸጥሁባት አላህ ይወቅ።

ሥራዬ ይህ ስለሆነ ሰውን ከእግሩ ጀምሬ ወደ ላይ ነው የማየው። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «አንተን እንግዳ ሲመጣ ፊቱ ምን ይመስላል ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው» ትላለች። እኔ ግን ሰው የለበሰው ይናገራል ባይ ነኝ። ለዚህ ነው ያን ቀን እንደዚያ ለብሼ የሄድሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛ አለኝ፤ የቄስ ዘር ነው፣ አምደወርቅ ያስተምራል። እዚያ ሲያስተምር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደደ። አባቷ ከአምደወርቅ ወዲያ ባለች የገጠር ደብር የድጓ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይላካል። በሦስተኛው እንቢ ከተባለ አበቃ፤ ሌላ ሽማግሌ መስደድ ራስን ማስናቅ ነው።

የኔታ የከለከሉበትን ምክንያት የጓደኛዬ አጎት ነገሩኝ። አጎቱ ሸምገል ያሉ ቄስ ናቸው፤ ሁላችንም አባ እንላቸዋለን፤ ሁለቱንም ጊዜ ቃሉን የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የኔታ ልጁን አምደወርቅ ገበያ ላይ ከሩቅ አይተውት ኖሯል። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ወርዳ ወጥታ፣ ከቤት ቤት ዞራ ደክማ የምትገባ ናት» አሉ አሉ። «ድካሟን የሚያውቅላት ሰው ነው የምሻ። ይህ ልጅ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ለጥፎ ነው የሚሄደው፤ ውስጡ ምን እንደተጻፈ በምን አውቃለሁ?»

ያ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት የወጣው ከእኔ ሱቅ ነው። አምሮብሃል ብዬ፣ መስታወት ፊት አዙሬ አዙሬ የሸጥሁለት እኔ ነኝ። ስለዚህ አባ «ለሦስተኛው አንተም ትሄዳለህ፤ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ሲቆምበት ቃል ይከብዳል» ሲሉኝ፣ ጢሜ ገና ጥቁር ቢሆንም ሽማግሌ ለመሆን እሺ አልሁ። ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ እንኳ በወጉ አይበላም ነበር።

ለጉዞው ከሱቄ አንድ ጫማ መረጥሁ። ጥቁር ቆዳ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ጎኑ ላይ ወርቃማ ምልክት ያለበት ነው። የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነበር፤ ለእግሬም በመጠኑ ያንሳል። ባለቤቴ ሳደርገው አይታ «ወላሂ ይበላሃል! ያችን ሰፊዋን አድርግ፤ የምትሄደው ገጠር ነው» አለችኝ። «ይለቅቃል» አልኋት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለውን ተረት እኔ በጫማ ቁጥር ሻርሁት።

እስከ አምደወርቅ በሚኒባስ ሄድን፤ ተቀምጬ ስለነበር ጫማው ወዳጅ መሰለ። እዚያ የየኔታ ጎረቤት የሆኑ አንድ ገበሬ ተቀላቀሉንና ሦስት ሆነን በእግር ጀመርነው። አባ በኮንጎ ጫማቸው ጃንጥላ ይዘው ከፊት፣ ገበሬው በበረባሶ ከመሀል፣ እኔ በወርቃማ ምልክት ከኋላ። ዳገቱ ላይ ተረከዜ ተላጠ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጣቶቼ ባንድ ላይ ተጨፈለቁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አዲስ ጫማ ተረስቶ ነው እንጂ ከሁለቱም ፊት መጠራት ነበረበት። አባ ዞር ብለው «እግርህን ምን ነካው ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም አባ። አዲስ ስለሆነ ነው።»

ገበሬው ጫማዬን አይተው በትራቸውን ሊሰጡኝ ፈለጉ። አልቀበልም አልሁ። በትር ከእንዲህ ያለ ጫማ ጋር አይሄድም ብዬ የራሴንም በትር ቤት ትቼው ነበር የመጣሁት።

የኔታ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይነ ብሩህ ሰው ናቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። አባ ወጉን ጠብቀው «የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም፣ የኔታ» ብለው ቆሙ፤ እኛም ቆምን። የቆመ ሽማግሌ ጥያቄው በእጁ ነው። መልስ ሳይሰማ ከተቀመጠ ግን ጥያቄውን ተወው ማለት ነው፤ ይህን በአገራችን የማያውቅ የለም።

የኔታ ለምን እንደመጣን ያውቃሉ፤ ሆኖም አልቸኮሉም። መደባቸው ላይ ተደላድለው ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ስለ ገብሱ ጠየቁ። ሰቆጣ ላይ ስለሚያውቋቸው ካህናት ጤና አንድ በአንድ ጠየቁ። አባ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። ገበሬው በትራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው እንደ ሽመላ ባንድ እግር ያርፋሉ። እኔ በሁለቱም እግሬ ተቃጠልሁ። አንዱን ሳነሣ ሌላው ይጮኻል። በመጨረሻ አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ የኔታ፣ ልጅዎን ለልጃችን...» ብለው ዋናውን ቃል ሲጀምሩ፣ ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ታጠፈ። ከኋላዬ ያለው መደብ ላይ ዘጭ አልሁ።

የአባ ቃል እዚያው ተቋረጠ።

«ኧረ ተነሥ! ኧረ ባክህ ተነሥ!» አሉ ገበሬው በሹክሹክታ። አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የኔታ ግን ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና «ሽማግሌው ተቀመጡ። እንግዲህ ጥያቄውን ትታችሁታል ማለት ነው?» አሉ። አምደወርቅ ላይ መንገድ መንገድ የሚያየው ጓደኛዬ ታየኝ። እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም።

«አልተውነውም የኔታ» አልሁ። «የተቀመጥሁት እኔ አይደለሁም፤ እግሬ ነው። ጫማዬ በልቶኝ ነው።»

ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩት። «እንዲህ ያለውን ማን ነው የሸጠልህ?»

«ራሴ ነኝ። ነጋዴው እኔ ነኝ።»

«ለራስህ? ምን ብለህ?»

«ይለቅቃል ብዬ።»

የኔታ ሳቁ። በዜማ የተሞረደ ድምፅ ነው፤ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። ገበሬው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አባም ጢማቸውን ቢይዙም አልቻሉም። እኔም ሕመሜን ረስቼ ሳቅሁ። የኔታ ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ፊታቸው ወደ ቁም ነገር ተመለሰ። «ይኸው እንግዲህ፣ እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው» አሉ። «ለሰው ዓይን ሲል ለገዛ እግሩ የማያዝን ሰው፣ ለሌላው እግር እንዴት ያዝናል?» ሦስተኛውና የመጨረሻው ሽምግልና በእኔ ጫማ ምክንያት ሲበላሽ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነበር።

የሆነ ሆኖ እንግዳ ነኝ፤ እግሬም ቆስሏል። የኔታ ወደ ጓዳ ተጣርተው ውሃ አስመጡ። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ዕለት ለሽማግሌ ፊቷን አታሳይም። ነገር ግን እናቷ ማኅበር ሄደው ኖሮ፣ ሳፋውን ይዛ የወጣችው ራሷ ልጅቱ ናት። ዓይኗን መሬት አድርጋ መጣች፤ ተንበርክካ ጫማዬን ጎትታ አወጣችልኝ። ውሃው እግሬን ሲነካው ነፍሴ ተመለሰች። ውሃ ልትጨምር ስትነሣ የእኔ ዓይን እንደ ልማዱ ወደ እግሯ ሄደ።

ግራጫ፣ ዝቅ ያለች፣ ሶሏ ለስላሳ የሆነች ጫማ ናት። ምንም ምልክት የለባትም። ብዙ መንገድ ሄዳ አልቃለች፤ እኔ ግን በጨለማም አልስታትም።

«ይህች ጫማ እኮ የእኔ ናት!» አልሁ። አፌን ምን እንዳስከፈተኝ እንጃ። «ከእኔ ሱቅ የወጣች ማለቴ ነው...» ብዬ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ ግን ዘግይቷል።

ለካ ጓደኛዬ አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ የገዛት ለእሷ ኖሯል። ለሌለ ሰው ጫማ የሚገዛ እንደሚያደርገው፣ በእግር ልክ የተቆረጠች ሰንበሌጥ ይዞ ነበር የመጣው። ለእህቱ መስሎኝ፣ ተረከዙ ከፍ ያለውን፣ ዘለበቱ የሚያብረቀርቀውን አወጣሁለት። አልፈለገም። «ዳገት የምትወጣ ናት፤ ተረከዟ ቆስሎ አይቻለሁ» አለኝ። ሱቁን ሁሉ አስፈትሾኝ፣ ምልክት ስለሌላት ማንም ያልገዛትን ይህችን ጫማ አገኘ። ሶሏን አጠፍ ዘርጋ አደረጋት። እጁን ከቶ ውስጧን ዳበሰ፣ ስፌቱ እንዳይበላት። ሰንበሌጧን ከትቶ ለክቶም ጣት የምታህል ትርፍ መኖሯን አየ። እኔ በዚያ ቀን ሙድ የማያውቅ ሰው ብዬ ስቄበታለሁ።

«ከገበያ ነው ያመጣኋት አላልሽኝም?» አሉ የኔታ ልጃቸውን።

«ከገበያ ናት አባዬ» አለች፣ ሳፋውን ይዛ እንደቆመች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። «የገዛልኝ ግን እሱ ነው።»

«እግርሽን ለካ?»

«አልለካም። ሰንበሌጡን ቆርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

የኔታ ጎንበስ አሉ። ጫማዋን አዩ፣ ከዚያ ሳፋው አጠገብ የተጋደመውን ወርቃማውን የእኔን አዩ፣ ተመልሰው የእሷን አዩ። ሲናገሩ ቁጣ የለባቸውም፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

«ተረከዝሽ የዳነው እኮ በጠበሉ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ጠበሉም አለበት» አሉ አባ ቶሎ ብለው።

የኔታ ፈገግ አሉ። ከዚያ ከመደባቸው ተነሥተው እሷ ፊት ቆሙና፣ እኛ ሦስታችንም የሌለን ይመስል ጠየቋት። «ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?»

ቀና አለች። ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አዎ አባዬ። ቀድሞውኑ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ እነዚህ አባቶች በመጀመሪያው ቀን ተቀምጠው ነበር።»

ሦስት ጊዜ ተሂዶ፣ ሦስት ጊዜ ተቁሞ፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ያን ያህል ሲወራ፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ያለችውን ልጅ አንድ ቃል የጠየቃት ሰው አልነበረም። አባ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። የኔታ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ቆዩ፤ እኔም እግሬ ሳፋ ውስጥ እንዳለ ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ አባና ወደ ገበሬው ዞረው «እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ። አባ ጃንጥላቸውን ጥግ አስደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።